የአሜሪካ ሬዚደንሲ ለምታስቡ፦ ከመመረቃችሁ በፊት መያዝ ያለባቸው ነገሮች

ብዙ የሕክምና ተማሪ ስለ ሬዚደንሲ፣ ማለትም ከምረቃ በኋላ ስለሚደረገው የስፔሻሊቲ ሥልጠና፣ ማመልከቻ በደንብ ማሰብ የሚጀምረው የመጨረሻው ዓመት ላይ ነው። ያን ጊዜ ፎርሙን ይከፍትና ባዶ ሳጥኖቹን እያየ ይጨነቃል። ፎርሙ ራሱ ከባድ አይደለም፤ በጥቂት ቀን ይሞላል። ከባዱ ነገር፣ ከሚጠየቁት ነገሮች አንዳንዶቹ ተማሪ እያላችሁ ካልያዛችኋቸው በኋላ በገንዘብም በጥናትም የማይመጡ መሆናቸው ነው። ፈተና ከተመረቃችሁ በኋላም ትወስዳላችሁ። የግል መግለጫም በሁለት ሳምንት ይጻፋል። ዋርድ ላይ ስትሠሩ በዓይኑ ያያችሁ ሐኪም ግን ከሁለት ዓመት በኋላ ፈልጋችሁ ብትሄዱ ስማችሁንም ላያስታውስ ይችላል።

ይህን የምጽፈው አሜሪካ ውስጥ ሬዚደንሲ ለማመልከት ለሚያስቡ ነው፤ እዚያው ለሚማሩም፣ ከሌላ አገር ለሚያመለክቱም። የሁለቱ መንገድ የሚለያይበት ቦታ ላይ ለይቼ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ካላንደሩ

አብዛኛው ማመልከቻ የሚላከው ኢራስ በሚባለው የኤሌክትሮኒክ ሥርዓት ነው። የሚያስተዳድረው የአሜሪካ ሕክምና ኮሌጆች ማኅበር ነው። የየዓመቱ ወቅት ጁን መጀመሪያ ላይ ይከፈታል። ሴፕቴምበር መጀመሪያ ላይ ማስገባት ይቻላል፤ ፕሮግራሞቹ ፋይሉን ማየት የሚጀምሩት ደግሞ ሴፕቴምበር መጨረሻ ገደማ ነው። ቃለ መጠይቁ በአብዛኛው ከኦክቶበር እስከ ጃንዋሪ ይካሄዳል። ከዚያ እናንተ ፕሮግራሞቹን፣ ፕሮግራሞቹም እናንተን በደረጃ ያስቀምጣሉ። ውጤቱ ማርች ሦስተኛ ሳምንት ላይ ይወጣል፣ ሥራው ጁላይ ላይ ይጀመራል።

እዚህ ላይ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ። ማመልከቻውን የሚቀበለው ኢራስ ነው፤ አመልካችንና ፕሮግራምን የሚያዛምደው (ማች የሚባለውን የሚያካሂደው) ግን ኤንአርኤምፒ የሚባል ሌላ ድርጅት ነው። ሁለቱ ላይ ለየብቻ መመዝገብ አለባችሁ፣ ክፍያውም የተለያየ ነው። ደግሞ ሁሉም ስፔሻሊቲ በዚህ መንገድ አይሄድም። የዓይን ሕክምናና ዩሮሎጂ የራሳቸው ማዛመጃ አላቸው፣ ውጤታቸውም ቀድሞ ይወጣል። የማህፀንና ጽንስ ፕሮግራሞች ማመልከቻ መቀበያቸውን ከኢራስ አውጥተው ሬዚደንሲካስ ወደሚባል ሥርዓት ወስደዋል፤ የድንገተኛ ሕክምናም ተከትሏቸዋል። ስለዚህ ያሰባችሁት ስፔሻሊቲ በየትኛው በር እንደሚያስገባ ገና ከመጀመሪያው እወቁ።

አሁን ከሴፕቴምበር ወደኋላ ቁጠሩ። ስቴፕ ከሚባሉት የአሜሪካ የሐኪምነት ፈቃድ ፈተናዎች ሁለተኛው፣ የስቴፕ 2 ሲኬ፣ ውጤት እስኪወጣ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይፈጃል፣ ስለዚህ ፈተናው ቢዘገይ ቢዘገይ ጁላይ ላይ ማለቅ አለበት። ለፈተናው የሚሆን የጥናት ጊዜ ከዚያ በፊት ነው። ደብዳቤ የሚጽፉላችሁ ሐኪሞች ጋር የምትሠሩበት ጊዜ ደግሞ ከዚያም በፊት። እንዲህ እየቆጠራችሁ ስትሄዱ፣ ማመልከቻው ከመላኩ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ሥራው መጀመር እንዳለበት ራሳችሁ ታገኙታላችሁ።

የድጋፍ ደብዳቤ

ብዙ ቦታ የምሰጠው ለዚህ ነው፤ ቶሎ የሚዘጋውም፣ ተማሪ በጣም ችላ የሚለውም ይህ በር ነው።

ኢራስ ላይ ለአንድ ፕሮግራም እስከ 4 ደብዳቤ መመደብ ትችላላችሁ። አብዛኛው ፕሮግራም 3 ይጠይቃል። ከዚህ ውስጥ ቢያንስ ሁለቱ በምታመለክቱበት ስፔሻሊቲ ከሚሠሩና አብራችሁ ታካሚ ካያችሁ ሐኪሞች ቢሆኑ ጥሩ ነው። ብዙ የውስጥ ደዌ ፕሮግራሞች የዲፓርትመንት ኃላፊው ደብዳቤ ይፈልጋሉ። የድንገተኛ ሕክምና ደግሞ ስሎ የሚባል ራሱን የቻለ የምዘና ቅጽ አለው፤ እዚያ ተራ ደብዳቤ ብቻ ይዞ መሄድ አያዋጣም።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀው "ትልቅ ስም ያለው ፕሮፌሰር ይሻላል ወይስ በደንብ የሚያውቀኝ?" የሚለውን ነው። እኔ ሁልጊዜ የምመልሰው በደንብ የሚያውቃችሁ ነው። ታዋቂ ፕሮፌሰር "ጎበዝ ተማሪ ነው፣ ሰዓት ያከብራል" ብሎ አራት መስመር ቢጽፍላችሁ፣ አንባቢው የሚረዳው ፕሮፌሰሩ እንደማያውቃችሁ ነው። ወጣት ሐኪም ግን "ሶዲየሙ ለምን እንደወረደ ማንም ሳይጠይቃት አጣርታ፣ በማግስቱ ጠዋት ታካሚዎች በሚታዩበት ራውንድ ላይ ምክንያት የሆነውን መድኃኒት የለየችው እሷ ናት" ብሎ ቢጽፍ ያ ዓረፍተ ነገር ይያዛል። ሁለቱንም የሚያሟላ ሰው ካገኛችሁማ እሰየው።

እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ እንዲጻፍላችሁ የሚታይ ነገር መሥራት አለባችሁ። ዋርድ ላይ ተማሪን ከተማሪ የሚለየው ከባድ ጥያቄ መመለስ ብቻ አይደለም። የራሳችሁን ታካሚዎች ከማንም በላይ እወቁ፤ ሌሊት ምን ተፈጠረ፣ የትኛው ላብራቶሪ አልመጣም፣ ቤተሰቡ ምን ያሳስበዋል። ራውንድ ላይ ያልተመለሰ ጥያቄ ከተነሳ ማታ አንብባችሁ ጠዋት በሁለት ደቂቃ ተናገሩ፤ አሥር ደቂቃ አታድርጉት፣ ሰው ሥራ አለው። አስተያየት ሲሰጣችሁ በማግስቱ አስተካክላችሁ አሳዩ። ነርሶችን አክብሩ። ይህን የምለው ለማስመሰል አይደለም፤ ስለ እናንተ ሲጠየቁ እውነቱን የሚናገሩት እነሱ ናቸው፣ ታካሚውንም ቀኑን ሙሉ የሚያዩት እነሱ ናቸው።

የምትጠይቁበት ጊዜ ወሳኝ ነው። ሮቴሽኑ (በአንድ ክፍል ተመድባችሁ የምትሠሩበት ጊዜ) ሊያልቅ የመጨረሻው ሳምንት ላይ፣ ፊት ለፊት ጠይቁ። አጠያየቁም ልዩነት አለው። "ደብዳቤ ይጽፉልኛል?" ካላችሁ ብዙ ሐኪም እንቢ ማለት ይከብደዋልና እሺ ይላል። "ለውስጥ ደዌ ላመለክት ነው፤ ከእርስዎ ጋር በሠራሁት መሠረት ጠንካራ የድጋፍ ደብዳቤ ሊጽፉልኝ ይችላሉ ብለው ያስባሉ?" በሉ። ካመነታ አመስግናችሁ ተዉት። ያመነታ ሰው የሚጽፈው ደብዳቤ አይጠቅማችሁም፣ ሊጎዳችሁም ይችላል።

እሺ ካለ በዚያው ሳምንት ኢሜይል ላኩለት። ሲቪያችሁን፣ ረቂቅም ቢሆን የግል መግለጫችሁን፣ የማስገቢያውን ቀንና አብራችሁ ያያችኋቸውን ሁለት ሦስት ጉዳዮች ማስታወሻ አያይዙ። ይዘቱ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

"ዶክተር፣ በማርች ወር በእርስዎ ቡድን ስሠራ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። ደብዳቤ ለመጻፍ ፈቃደኛ ስለሆኑልኝም እንዲሁ። እንዲያስታውሱኝ እንዲረዳዎ፣ የልብ ድካም ይዟት የገባችውን ታካሚ የመድኃኒት ዝርዝር አመሳክሬ ያስተካከልኩበትንና ስለ ፖታሲየም አጭር ገለጻ ያቀረብኩበትን ቀን ጠቅሼ አያይዣለሁ። ደብዳቤው እስከ ኦገስት 31 ቢገባ በጣም ይረዳኛል። የማስገቢያውን ሊንክ ጁን ላይ ኢራስ ሲከፈት እልክልዎታለሁ።"

የታካሚ ስም ወይም ማንነቱን የሚገልጥ ነገር ማስታወሻው ውስጥ በፍጹም አታስገቡ። ደብዳቤውን ጸሐፊው ራሱ ነው በሊንኩ የሚጭነው፤ በእናንተ እጅ አያልፍም። ኢራስ ደብዳቤውን የማየት መብታችሁን ትተዉ እንደሆነ ይጠይቃችኋል። ተዉት። አመልካቹ ሊያየው የሚችለውን ደብዳቤ ፕሮግራሞች ያን ያህል አያምኑትም። ጊዜው ሲቀርብ ደግሞ ማስታወስ ነውር አይደለም። ሐኪም ይረሳል፤ በትሕትና አንድ ኢሜይል ከሦስት ሳምንት በፊት፣ አንድ ደግሞ ከሳምንት በፊት ላኩ።

አሜሪካ ውስጥ የምትማሩ ከሆነ ከደብዳቤዎቹ ሌላ ኤምኤስፒኢ አለ፤ ድሮ የዲን ደብዳቤ የሚባለው። ትምህርት ቤቱ ነው የሚያዘጋጀው። እዚያ ላይ በየሮቴሽኑ የተጻፈላችሁ አስተያየት ብዙ ጊዜ እንዳለ ይገለበጣል። ስለዚህ ክሊኒካል እንደገባችሁ በየሮቴሽኑ መጨረሻ አስተያየታችሁን ገብታችሁ አንብቡ። የእናንተ ያልሆነ ነገር ወይም የተሳሳተ መረጃ ካለ ያኔውኑ አመልክቱ፤ ከዓመት በኋላ ማስተካከል በጣም ይከብዳል።

ኤሌክቲቭ፣ በተለይ ከሌላ አገር ለምታመለክቱ

ከውጭ ለሚያመለክት ሰው ትልቁ የጊዜ ገደብ ይህ ነው። ተማሪ ሆናችሁ አሜሪካ ሆስፒታል ውስጥ ኤሌክቲቭ (በምርጫ የሚወሰድ ሮቴሽን) ብታደርጉ ታካሚ ትመረምራላችሁ፣ ታሪክ ትወስዳላችሁ፣ የቡድኑ አባል ሆናችሁ ትሠራላችሁ። ከተመረቃችሁ በኋላ ግን በአብዛኛው የሚገኘው ኦብዘርቨርሺፕ ነው፤ ቆሞ ማየት፣ ታካሚ አለመንካት። ከኦብዘርቨርሺፕ የሚወጣ ደብዳቤም ደካማ ነው፤ ጸሐፊው ስትሠሩ አላያችሁማ። ጥቂት ገንዘብ ካላችሁና ከሁለት ነገር አንዱን መምረጥ ካለባችሁ፣ ከተመረቃችሁ በኋላ ከሚደረግ ረጅም ኦብዘርቨርሺፕ ይልቅ ተማሪ እያላችሁ የሚደረግ አንድ ወር ኤሌክቲቭ ይሻላል ባይ ነኝ።

ማመልከቻው በብዛት ቪኤስኤልኦ በሚባለው መድረክ ነው፤ አንዳንድ ሆስፒታሎች ግን በራሳቸው ድረ ገጽ ይቀበላሉ። ትምህርት ቤታችሁ ቪኤስኤልኦ ውስጥ መኖሩን የዲኑን ቢሮ ጠይቁ። ከሌለ በቀጥታ የሚቀበሉትን መፈለግ አለባችሁ፣ ይህ ሲበዛ አድካሚ ነው፣ ግን ይገኛል። ወረቀቱ ብዙ ነው። የክትባት ማስረጃ፣ የቲቢ ምርመራ፣ የኃላፊነት መድን፣ ከትምህርት ቤቱ የድጋፍ ደብዳቤ፣ አንዳንዱ የእንግሊዝኛ ፈተና፣ አንዳንዱ ደግሞ ስቴፕ 1 ማለፍ ይጠይቃል። ከስድስት ወር በፊት ጀምሩ፤ ቪዛ ካስፈለገ ከዚያም ቀደም በሉ።

አሜሪካ ውስጥ ላላችሁ ደግሞ ጉዳዩ ከትምህርት ቤታችሁ ውጭ የሚደረገው ሮቴሽን ነው። እንደ ኦርቶፔዲክስና ኒውሮሰርጀሪ ባሉት ስፔሻሊቲዎች የግድ ያህል ነው። ለውስጥ ደዌ፣ ለሕፃናት ሕክምና ወይም ለፋሚሊ ሜዲስን ግን ብዙውን ጊዜ አያስፈልግም፤ አንድ የተለየ ከተማ ወይም ፕሮግራም ካላማራችሁ በቀር የቤት ኪራይና ትኬት ማውጣት ዋጋ የለውም።

ፈተናዎቹ

ስቴፕ 1 እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 26፣ 2022 ወዲህ አለፈ ወይም ወደቀ ብቻ ነው የሚለው። ይህ ብዙዎችን አዝናንቷል፣ አደጋውም እዚህ ላይ ነው። መውደቅ አሁንም ይመዘገባል፣ በኋላ ብታልፉም ፕሮግራሞች ያዩታል። የልምምድ ፈተናዎች ላይ ውጤታችሁ ከማለፊያው በደንብ ከፍ ብሎ፣ ያውም ደጋግሞ፣ ካልታየ አትቀመጡ። ቀኑን ማራዘም ያሳፍራል ብላችሁ አትግቡ። አንዱን ስቴፕ ከአራት ጊዜ በላይ መሞከር አይቻልም። ካለፋችሁት በኋላ ደግሞ ውጤት ለማሻሻል ብሎ መድገም የለም።

ስቴፕ 1 ቁጥሩን ስላጣ ክብደቱ ሁሉ ወደ ስቴፕ 2 ሲኬ ሄዷል። እሱ አሁንም ባለ ሦስት አሃዝ ውጤት አለው። ብዙ ፕሮግራሞች ማመልከቻ ሲበዛባቸው የሚያጣሩት በእሱ ነው። ምርጡ ጊዜ ዋና ዋናዎቹ ክሊኒካል ሮቴሽኖች እንዳለቁ ወዲያው ነው፤ ያን ጊዜ የውስጥ ደዌውም፣ የቀዶ ሕክምናውም፣ የሕፃናቱም ትኩስ ነው። ለሲኬ ማጥናት የሚጀመረውም ዋርድ ላይ ነው። ዛሬ የሳንባ ምች ያየ ሰው ማታ ስለ ሳንባ ምች አሥር ጥያቄ ቢሠራ፣ ከስድስት ወር በኋላ የሚቀርለት ሥራ ግማሽ ይሆናል።

ከሌላ አገር የምታመለክቱ፣ ከአሜሪካ ውጭ የተማሩ ሐኪሞችን ብቃት የሚያረጋግጠው ድርጅት፣ የኢሲኤፍኤምጂ፣ ሰርተፍኬት ያስፈልጋችኋል። ለዚያ ሁለቱን ስቴፖች ማለፍ፣ ኦኢቲ ሜዲስን የሚባለውን የእንግሊዝኛ ፈተና ማለፍና ፓዝዌይ ከሚባሉት መንገዶች አንዱን ማሟላት ይጠበቃል። ድሮ በሕያው ታካሚ ተዋንያን ይፈተን የነበረው ስቴፕ 2 ሲኤስ በ2021 ቀርቷል፤ ፓዝዌይ የተተካው ለእሱ ነው። ከሁሉም በፊት ግን ትምህርት ቤታችሁ በዓለም የሕክምና ትምህርት ቤቶች ማውጫ ውስጥ የኢሲኤፍኤምጂ ማስታወሻ እንዳለው ፈትሹ። አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ነገር ነው፣ ያለሱ የሚቀጥል ነገር የለም። ለአንድ ስቴፕ ክፍያው ከውጭ ለሚፈተን ከሺህ ዶላር በላይ ስለሆነ የገንዘቡን እቅድም ዛሬ ጀምሩ።

ቪዛ ለሚያስፈልጋችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ሬዚደንቶች በብዛት የሚገቡት በጄ-1 ነው። ጄ-1 ሥልጠናው ሲያልቅ ለሁለት ዓመት ወደ አገር መመለስን ወይም ከዚያ ግዴታ ነፃ የሚያደርግ ፈቃድ ማግኘትን ይጠይቃል። ኤች-1ቢ የሚሰጡ ፕሮግራሞች ያነሱ ናቸው፣ ስቴፕ 3ንም አስቀድሞ ማለፍ ይጠይቃሉ። ደግሞ ብዙ ፕሮግራሞች ከተመረቁ ከሦስት ወይም ከአምስት ዓመት በላይ የሆናቸውን አይቀበሉም። ይህ የምረቃ ዓመት ነገር ከተመረቃችሁበት ቀን ጀምሮ በእናንተ ላይ ይቆጥራል፤ ተማሪ እያላችሁ የምታልፉት እያንዳንዱ ፈተና ከዚያ የሚተርፍ ጊዜ ነው።

ሪሰርችና ሌላው ሥራ

ኢራስ ላይ ማስገባት የሚቻለው እስከ 10 የሥራና የበጎ ፈቃድ ልምድ ነው። ከእነሱ 3 በጣም ትርጉም የነበራቸውን ትመርጣላችሁ። ለእያንዳንዱ መግለጫ ያለው ቦታ 750 ፊደል ነው። ልብ በሉ፣ 10 ነው። አርባ ክበብ ውስጥ ስም ማስመዝገብ ምንም አይጨምርም። ሁለት ሦስት ነገር ላይ ዓመታት የቆየ ተማሪ ሁልጊዜ ይበልጣል።

መዝግቡ። ከመጀመሪያው ዓመት ጀምራችሁ አንድ ፋይል ክፈቱና የሠራችሁትን፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት፣ ምን እንደተለወጠ ጻፉ። በኋላ አታስታውሱትም። አጻጻፉ ላይ ያለውን ልዩነት እዩ። "በነፃ ክሊኒክ በበጎ ፈቃደኝነት አገልግያለሁ፣ ስለ ማኅበረሰብ ጤና ብዙ ተምሬያለሁ" ማለት ምንም አይናገርም። "የደም ግፊት ታካሚዎች ቀጠሮ የሚቀሩት መድኃኒታቸው ያለቀ ቀን ስለሚያፍሩ መሆኑን ከእነሱ ሰማን፤ ከዚያ ከቀጠሮው ሳምንት በፊት የሚደውል የተማሪዎች ቡድን አቋቋምኩ፣ የጥሪውን ዝርዝርም እኔ እይዝ ነበር" ቢባል ግን ሰውዬው ምን እንዳደረገ ይታያል። ቃለ መጠይቅ ላይ ጥያቄ የሚመጣውም ከዚህ ነው።

ሪሰርች ለሁሉም እኩል አይደለም። ለደርማቶሎጂ፣ ለኒውሮሰርጀሪና ለፕላስቲክ ሰርጀሪ የታተመ ሥራ ብዙ ይጠበቃል፤ አንዳንዱ ለዚህ ብሎ አንድ ዓመት ትምህርት ያቋርጣል። ለፋሚሊ ሜዲስን ወይም ለሳይካትሪ አንድ የተጨረሰ ፕሮጀክት በቂ ሊሆን ይችላል። የተጨረሰ የሚለው ላይ አስምሩ። ለጀማሪ ቀላሉ በር ኬዝ ሪፖርት ነው፣ ስለ አንድ ታካሚ ጉዳይ የሚጻፍ አጭር ጽሑፍ፤ የታካሚ ፈቃድ በጽሑፍ ውሰዱ፣ አብሮ የሚጽፍ ሐኪም ያዙ፣ መጀመሪያ ፖስተር አድርጉት። ሌላው የጥራት ማሻሻያ ሥራ ነው፤ ለምሳሌ ዋርዳችሁ ላይ የደም መርጋት መከላከያ ስንት ታካሚ እንደታዘዘለት ቆጥሮ፣ አንድ ነገር ቀይሮ፣ ደግሞ መቁጠር።

የተላከውን "ተልኳል"፣ የታተመውን "ታትሟል" በሉ። ያልታተመን ታትሟል ማለት፣ ወይም ስማችሁን ከአራተኛ ወደ ሁለተኛ ማምጣት፣ በአንድ ፍለጋ የሚታወቅ ነገር ነው። ሐኪም ሊሆን የመጣ ሰው በማመልከቻ ላይ ከዋሸ የታካሚ ካርድ ላይም ይዋሻል ብለው ያስባሉ፣ ትክክልም ናቸው።

ስፔሻሊቲ መምረጥ

ይህ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል፤ እዚህ አንድ ምክር ብቻ። የስፔሻሊቲውን ብርቅ ጉዳይ ሳይሆን ማክሰኞ ከሰዓት የሚሠራውን ተራ ሥራ እዩ። የሁለተኛ ዓመት ሬዚደንት አጠገብ ቀኑን ሙሉ ዋሉ፤ ያ ሥራ ሳይሰለቻችሁ ከቀረ ጥሩ ምልክት ነው። ርዝመቱንም አስቡ። የውስጥ ደዌ፣ የሕፃናትና ፋሚሊ ሜዲስን 3 ዓመት፣ ሳይካትሪ 4፣ ጀነራል ሰርጀሪ 5፣ ኒውሮሰርጀሪ 7 ዓመት ነው። ከዚያ ኤንአርኤምፒ የሚያወጣውን የማች ውጤት ዘገባ ክፈቱና በምትፈልጉት ስፔሻሊቲ የተዛመዱና ያልተዛመዱ አመልካቾችን አወዳድሩ። በነፃ የሚገኝ ነው። ከሌላ አገር ለሚያመለክቱ ለብቻው ስለሚወጣ የራሳችሁን እዩ፤ የሌላውን እያዩ መደናገጥም መዝናናትም አይጠቅምም።

የግል መግለጫ

አንድ ገጽ። ከዚያ በላይ ማንም አያነብም። "ከልጅነቴ ጀምሮ ሐኪም መሆን እመኝ ነበር" በሚለው አትጀምሩ፤ ሐኪም መሆናችሁ ተወስኗል፣ ጥያቄው ለምን ይህ ስፔሻሊቲ የሚለው ነው። የታካሚ ታሪክ ካነሳችሁ ታሪኩ ስለ ታካሚው ብቻ እንዳይሆን፤ እናንተ ምን አሰባችሁ፣ ምን አደረጋችሁ፣ ከዚያ በኋላ አሠራራችሁ በምን ተለወጠ። ፋይላችሁ ላይ ጥያቄ የሚያስነሳ ነገር ካለ፣ የወደቀ ፈተና ወይም ባዶ ዓመት፣ በሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር አስረዱና እለፉ። አታስተዛዝኑ። ጽሑፉ የራሳችሁ መሆኑን ስታስገቡ ታረጋግጣላችሁ፣ ስለዚህ ከሰው አትገልብጡ፣ ለማንም አታስጽፉ። የተለያየ ስፔሻሊቲ የምታመለክቱ ከሆነ የተለያየ ጽሑፍ አዘጋጁና ስትመድቡ ሁለቴ አይታችሁ መድቡ። ለአኔስቴዥያ ፕሮግራም "የውስጥ ደዌ ሕልሜ ነው" የሚል ጽሑፍ የተላከበት ጊዜ አለ።

የት ማመልከት፣ ስንት ማመልከት

ፍሬይዳ የሚባለው የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር ዳታቤዝ ላይ ፕሮግራሞቹን በከተማ፣ በቪዛና በመጠን ማጣራት ይቻላል። ከዚያ የየፕሮግራሙን ድረ ገጽ ክፈቱና አሁን ያሉት ሬዚደንቶች ከየት እንደመጡ እዩ። ከእናንተ ጋር የሚመሳሰል መንገድ ያለው ማንም ሰው ከሌለ፣ ዝም ብላችሁ ገንዘባችሁን አታፍስሱ።

በ2025 ወቅት የኢራስ ክፍያ በአንድ ስፔሻሊቲ እስከ 30 ፕሮግራም ድረስ ለእያንዳንዱ 11 ዶላር፣ ከ31ኛው ጀምሮ ለእያንዳንዱ 30 ዶላር ነበር። 30 ፕሮግራም 330 ዶላር ነው፤ 60 ግን 1230። ብዙ መላክ ብቻውን እንደማያድን ሲግናል የሚባለው ነገር ይበልጥ ግልጽ አድርጎታል። ሲግናል ማለት "እናንተን ከልቤ እፈልጋለሁ" የሚል የተወሰነ ቁጥር ያለው ምልክት ነው። በዚያው ወቅት ለውስጥ ደዌ 3 የወርቅ ደረጃና 12 የብር ደረጃ ሲግናል፣ ለኦርቶፔዲክስ 30 ሲግናል ነበር። ቁጥሩ እንደ ስፔሻሊቲው ስለሚለያይና ስለሚቀየር የዓመታችሁን አረጋግጡ። ሕልም ብቻ ላይ አትጨርሷቸው። ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ፋይላችሁ በእውነት ለሚመጥነው ፕሮግራም ስጡ፤ በተለይ በዚያ ከተማ ቤተሰብ ወይም ሌላ ምክንያት ካላችሁ።

ቃለ መጠይቅ

ከ2020 ወዲህ በብዛት በቪዲዮ ነው። ፋይላችሁ ላይ ያለውን እያንዳንዱን መስመር ማስረዳት ቻሉ፤ ከሦስት ዓመት በፊት የሠራችሁትን ፖስተር ጭምር። ስለ አንድ ከባድ ታካሚ፣ ከሥራ ባልደረባ ጋር ስለተፈጠረ አለመግባባት፣ ስለ አንድ ድክመት የሚሆን እውነተኛ ታሪክ ያዙ፤ ሸምድዳችሁ ግን አትምጡ። ግብዣ ሲመጣ ቶሎ መልሱ፣ ቀኑ ይሞላል። የማትገኙ ከሆነ ደግሞ አስቀድማችሁ ሰርዙ፤ ያ ቦታ ለሌላ ተማሪ ይሆናል።

የደረጃ ዝርዝሩና የማች ሳምንት

ዝርዝራችሁን በእውነተኛ ፍላጎታችሁ ቅደም ተከተል አስቀምጡ። "እነሱ የሚፈልጉኝን ላስቀድም" የሚለው ስሌት አይሠራም። ማዛመጃው ከአመልካቹ ዝርዝር ነው የሚነሳው፤ አንደኛ ያደረጋችሁት ባይቀበላችሁ ሁለተኛችሁ ላይ ያላችሁ ዕድል አይቀንስም። የማዛመጃውን ስሌት በ1990ዎቹ እንደገና ከነደፉት አንዱ አልቪን ሮዝ በ2012 በኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸልሟል፤ ሥራው በደንብ የተፈተሸ ነው፣ እመኑት። የት እንዳስቀመጣችኋቸው የሚጠይቅ ፕሮግራም ደንብ እየጣሰ ነው፣ የመመለስ ግዴታ የለባችሁም። ውጤቱ ግን እንደ ውል ያስራል፤ ስለዚህ በምንም ሁኔታ የማትሄዱበትን ፕሮግራም ዝርዝሩ ውስጥ አታስገቡ።

የማች ሳምንት ሰኞ የሚነገራችሁ ተዛመዳችሁ ወይስ አልተዛመዳችሁም የሚለው ብቻ ነው። የት እንደሆነ የሚታወቀው ዓርብ ነው። ላልተዛመዱ በመሀል ሶፕ አለ፤ ባዶ ለቀሩ ቦታዎች እስከ 45 ፕሮግራም ማመልከት የሚቻልበት። ፕሮግራሙ ቀድሞ ካልደወለ እናንተ መደወል አይፈቀድም፣ ሌላ ሰውም ስለ እናንተ መደወል የለበትም። ነገሩ በቀናት ውስጥ ስለሚያልቅ ያን ጊዜ ጽሑፍ መጀመር አይቻልም። ፌብሩዋሪ ላይ፣ ገና ደህና እያላችሁ፣ ለአንድ ዓመት ፕሪሊሚናሪ ቦታ (የመጀመሪያውን የሥልጠና ዓመት ብቻ ለሚሰጥ) የሚሆን ሁለተኛ የግል መግለጫ ጻፉ፣ ለዚያ የሚሆን አንድ ደብዳቤ ኢራስ ላይ አስጭኑ፣ በዚያ ሳምንት ስልክ የምታነሱበት ጸጥ ያለ ክፍልም አስቀድማችሁ ያዙ።